ባክሊንክ

ከሌላ ድረ ገጽ ተነስቶ ወደ እኛ ድረ ገጽ የሚያመጣ ሊንክ ነው። እኛ ስለ ራሳችን የምናወራው ሳይሆን ሌላው ስለ እኛ የሚመሰክረው ነው፤ ክብደቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ጎግልን ከመመሥረታቸው በፊት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የነደፉት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት ከምሁራን ልማድ የተቀዳ ነው። ብዙዎች የጠቀሱት ጥናት ይከበራል፤ የተከበረ ጥናት የጠቀሰው ደግሞ ይበልጥ ይከበራል። ስሌቱም ሊንክን እንደዚሁ እንደ ጥቅስ ይቆጥረዋል።

ለዚህ አሠራር የአዲስ አበባዋ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ጥሩ ማሳያ አላት። በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌ፣ በኋላም በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች በሽታዎች ላይ ሲመራመር ኖሯል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሕክምና መጽሔት ስሙን ከነሊንኩ ባሰፈረ ቁጥር የፍለጋ ሞተሩ ያንን ለተቋሙ ይቆጥርለታል። አየር ጤና ያለ የቤት ዕቃ አምራች ግን ያማረ ድረ ገጽ ቢያሠራም፣ የሚጠቁመው ከሌለ ከፍለጋው ውጤት ግርጌ ሊቀር ይችላል። ይህ የሚሆነው ሥራው አንሶ ስላልሆነ ያሳዝነኛል።

ሊንክ በጅምላ የሚሸጡ አሉ፤ አምራቹ ገንዘቡን በእነሱ ላይ እንዳያባክን እመክረዋለሁ። ጎግል በተለይ እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለውን የፍለጋ ማሻሻያ ካወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሊንክ ዋጋ ያሳጣል፤ ድረ ገጹንም ሊቀጣ ይችላል። ይልቅ ወንበሩን የገዛው ሆቴልና ሙያውን የተማረበት ኮሌጅ በየገጻቸው አንድ አንድ መስመር እንዲጽፉለት ይጠይቅ። ሊንኩም “እዚህ ይጫኑ” ከሚል ቃል ላይ ሳይሆን “አየር ጤና የሚሠሩ የእንጨት ወንበሮች” ከሚል ሐረግ ላይ ይቀመጥለት።