በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ግን ተቆፍሯል

ልጅ ሳለሁ እናቴ ሱቅ ነበራት። ታክሲ ሰው ከሚያራግፍበት ፊት ለፊት ያለች አንድ በር ሱቅ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር እና የማያልቅ የዱቤ መዝገብ። አንድ ቀን እስካቫተር መጣ። አስፋልቱ ተገለበጠ፣ ታክሲዎቹ ፌርማታቸውን ወደ ማዶ ወሰዱ፣ በእናቴና በደንበኞቿ መካከል ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ተዘረጋ። ሱቋን ማንም አልነካትም። አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተነቀለባትም። ስለዚህ ስለ ካሳ ሊያናግራት የመጣ ሰው አልነበረም። ምን ፈረሰባትና!

ዓመት ሳይሞላ ሱቋ ተዘጋች። መንገዱ ሲያልቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምር ነበር። የዱቤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ አለ። ባለ ዕዳዎቹም ከጉድጓዱ ማዶ ቀርተዋላ!

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ከእኛ ሰፈር እጅግ የራቀ ታሪክ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የአትክልት ስፍራ። ባለቤቱ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ዝናው ዓለም አቀፍ ነው፣ አባላቱ ብዙ ናቸው። የደረሰበት ግን በእናቴ ሱቅ የደረሰው ነው። ታሪኩ ከሥሩ ሲታይ ይጥማልና ከሥሩ እንጀምር።

ከመጻሕፍት መደብር እስከ ዊዝሊ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1804 ሰባት ሰዎች ለንደን ውስጥ ፒካዲሊ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው የሃቻርድስ መጻሕፍት መደብር ተሰበሰቡ። ጠሪው ጆን ዌጅዉድ ነበር፤ ከተገኙት መካከል ታዋቂው የዕፅዋት ተመራማሪ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ይገኝበታል። የመሠረቱት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1861 «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ አግኝቶ ዛሬ የምናውቀው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሆርቲካልቸር ማኅበር ሆነ።

ማኅበሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁን የአትክልት ስፍራውን ያቋቋመው ቺዝዊክ በሚባል ቦታ ነበር። ያኔ ቺዝዊክ ገጠር ነበር። ለንደን ግን እየሰፋች፣ ጭሷም እየወፈረ መጣ። አበባ ደግሞ በጭስ አያድግም። ስለዚህ ማኅበሩ ንጹሕ አየር ያለበት አዲስ ቦታ ያስፈልገው ነበር።

አዲሱ ቦታ ዊዝሊ ሆነ፤ ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ። እ.ኤ.አ. በ1878 መሬቱን ገዝቶ አትክልት የጀመረበት ጆርጅ ፈርጉሰን ዊልሰን የሚባል፣ በሻማ ፋብሪካ የከበረ ሰው ነው። ሐሳቡ በአገሩ አፈር እምቢ ያሉ ዕፅዋትን ማብቀል ነበር። ዊልሰን በ1902 ሲሞት ሰር ቶማስ ሀንበሪ የሚባል ባለጸጋ ቦታውን ገዛና በ1903 ለማኅበሩ በስጦታ ሰጠው። መሬቱ 60 ኤከር፣ ማለትም 24 ሄክታር ያህል ነበር። ማኅበሩ ከከተማ ሸሽቶ ገጠር ገባ፣ ተገላገለ። ወይም ተገላገልኩ ብሎ አሰበ።

ከተማው ተከትሎት መጣ

በዊዝሊ ጎን ከለንደን ወደ ፖርትስመዝ ወደብ የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ያልፋል። የፈረስ ጋሪ ዘመን አልፎ የመኪና ዘመን ሲመጣ ይህ መንገድ ኤ3 ተባለ፣ ሰፋ፣ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ደግሞ ለንደንን የሚከበው 188 ኪሎ ሜትር የቀለበት መንገድ፣ ኤም25፣ ተጠናቀቀ። ከኤ3 ጋር የሚገናኝበት 10ኛው መጋጠሚያ ያረፈው ከዊዝሊ አጠገብ ነው። ከለንደን ጭስ ከሸሸ ከ83 ዓመት በኋላ ለንደን በቀለበቷ አጠገቡ ደረሰች ማለት ነው።

መንገዱን ግን ክፉ ብቻ አድርገን አንሳለው። ዊዝሊ በራፉ ላይ የባቡር ጣቢያ የለውም። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው በመኪና ነው፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲጎበኘው ያስቻለውም ይኸው መንገድ ነው። ማኅበሩ ደግሞ በጎ አድራጎት ድርጅት እንደመሆኑ ከመግቢያ ትኬት፣ ከአባልነት ክፍያ፣ ከችግኝ ሽያጭና ከካፌ የሚያገኘው ገንዘብ ተመልሶ ለምርምርና ለትምህርት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ዊዝሊ ትልቅ የምርምር ማዕከል ከፍቷል። አንድ ቤተሰብ በእሑድ ቀን የሚጠጣው ሻይ የአንድ ተመራማሪ ደመወዝ አካል ነው። መንገዱ ለአትክልት ስፍራው የደም ሥር ነበር ለማለት ነው።

የደም ሥሩ የተነካው መጋጠሚያው እንዲሻሻል ሲወሰን ነው። መንግሥት ምክንያት አልነበረውም አይባልም። 10ኛው መጋጠሚያ በመጨናነቅም በአደጋም ስሙ የሚነሳ ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ 500 ያህል ዛፎችን አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ ማኅበሩ ጮኸ፤ ከዛፎቹ አንዱን የተከሉት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ነበሩ። ሕዝብ ፊርማ አሰባሰበ፣ ዕቅዱ ተቀየረ። ዛፎቹ ተረፉ። ሁሉም ሰው እፎይ አለ።

ይሁን እንጂ ዛፍ ብቻውን አትክልት ስፍራን አያኖርም። የ317 ሚሊዮን ፓውንዱ ፕሮጀክት በግንቦት 2022 ተፈቅዶ ሥራው በዚያው ዓመት ተጀመረ። መንገድ ጠበበ፣ ፍጥነት ተገደበ፣ ሰልፍ ረዘመ። በመጋቢት 2024 በአንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ኤም25 በ10ኛውና በ11ኛው መጋጠሚያ መካከል ተዘጋ። መንገዱ በ1986 ከተከፈተ ወዲህ በዕቅድ በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያም ተደጋገመ። ከኤ3 በቀጥታ ወደ ዊዝሊ ያስገባ የነበረው መታጠፊያም ቀርቶ በአዲስ ድልድይ ዞሮ መግባት ግድ ሆነ። በ2025 በጋ ያልቃል የተባለው ሥራም ወደ 2026 ጸደይ ተገፋ።

እንግዲህ ልጆቹን መኪና ውስጥ ጭኖ አበባ ለማየት የተነሳ አባት ሁለት ሰዓት ሰልፍ ይጠብቅሃል ሲባል ምን ያደርጋል? ቤቱ ይቀመጣል። ማኅበሩ በ2025 እንዳስታወቀው በመንገዱ ሥራ ምክንያት የሚደርስበት ኪሳራ ከ11 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። መንግሥት እንዲክሰውም በይፋ ጠየቀ።

ምን ፈረሰብህና?

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የካሳ ሐሳብ በብዙ አገር የተገነባው በሚታይ ነገር ላይ ነው። መሬት ሲወሰድ ይለካል፣ ግድግዳ ሲፈርስ ይቆጠራል፣ ዛፍ ሲቆረጥ ይገመታል። ያልመጣ ሰው ግን በምን ይለካል? የመግቢያው በር ክፍት ነው፣ ትኬት ቆራጩ ቦታው ላይ ነው፣ ጽጌረዳውም ፈክቷል። ፎቶ ብታነሱት ምንም የተጎዳ ነገር አይታይም። ጉዳቱ ያለው ከበሩ ውጭ፣ በሰልፉ መካከል መሪውን አዙሮ ወደ ቤቱ በተመለሰው መኪና ውስጥ ነው።

ዊዝሊ ጠበቃ አለው፣ ጋዜጠኛ ይሰማዋል፣ ጩኸቱ ፓርላማ ይደርሳል። እንዲህ ሆኖም ካሳ ለመጠየቅ ይህን ያህል መጮኽ ነበረበት። ታዲያ ባለ አንድ በር ሱቋ ማን ይሰማታል?

ከመጨረሴ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኛን እንሰት በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ዛሬ እንግሊዞች ቅጠሉ የቀላውን የእንሰት ዝርያ ለውበት ይተክሉታል፤ ማኅበሩም ለአትክልተኞች ጥሩ ነው ብሎ ሽልማት ሰጥቶታል። እኛ የምንበላውን እነሱ ያዩታል! ብርድ ሲመጣ ግን ሸፍነው ካልያዙት ይሞትባቸዋል። ማንም ሳይነካው፣ በብርድ ብቻ።

በከተማችን የሚፈርስ ቤት ቀይ ምልክት ይቀባል፣ እኛም ምልክቱን አይተን «እነዚህ ተጎጂ ናቸው» እንላለን። መንገድ አይሠራ የሚል የለም፤ እኔም አልልም፣ በአዲሱ መንገድ በየቀኑ እሄዳለሁ። ግን በሚቀጥለው ጊዜ የተቆፈረ መንገድ ስታዩ ቀይ ከተቀቡት ቤቶች አልፋችሁ ከጉድጓዱ ማዶ ያሉትን ክፍት በሮችም ቁጠሩ። ከተቻለም እንጨቷን ተሻግራችሁ ሳሙና ግዙ።

ዱቤ ካለባችሁም ክፈሉ።