ሥራው በሶፍትዌር የሚቀየር ሬዲዮ፦ ለትምህርት እና ለምርምር ያለው ጥቅም

አዲስ አበባ፦ ከየካ ክፍለ ከተማ መንደሮች ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የእንጦጦ ተራራ ሰማዩን ከልሎ ይታያል። ተራራው ለሬዲዮ ሞገድም ግድግዳ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፍ ሳተላይት የሚልከው ምልክት እግርጌው ላይ ላለ ተቀባይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አናቱ ላይ ላለ ግን ቀድሞ ይሰማል።

በእንጦጦ አናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እና የምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያም የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ ነው።

ከሰማይ መረጃ መቀበል ግን የትልልቅ ጣቢያዎች ሥራ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕ እና ፍላሽ የሚያህል መቀበያ ያለው ትምህርት ቤትም ሊሞክረው ይችላል።

በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ ምንድን ነው?

በየቤቱ ያለው ሬዲዮ ሥራው በውስጡ በተበየዱት ዕቃዎች የተወሰነ ነው። ኤፍ ኤም እንዲቀበል የተሠራ ሬዲዮ የሳተላይት ምልክት አይፈታም። በሶፍትዌር የሚሠራው ሬዲዮ ግን ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ጣቢያ የመምረጡን፣ ጩኸት የማጣራቱን እና መልእክቱን የመፍታቱን ሥራ ኮምፒውተሩ ያከናውናል። በመሆኑም ሶፍትዌሩ ሲቀየር የሬዲዮው ሥራ አብሮ ይቀየራል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ያሰማ የነበረው መቀበያ ከደቂቃዎች በኋላ የአውሮፕላኖችን መገኛ ያሳያል።

ከታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2001 የተጀመረው ግኑ ሬዲዮ ነው። ክፍት ምንጭ ስለሆነ ማንም ያለ ክፍያ ይጭነዋል፤ ውስጡን ማንበብ፣ ማሻሻል እና ለሌላው ማካፈልም ይችላል። በአውሮፓውያኑ 2012 ደግሞ አር ቲ ኤል 2832 ዩ በተባለ ቺፕ የተሠሩ ርካሽ የዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያዎች ለዚህ ሥራ እንደሚያገለግሉ ታወቀ። እነዚህ መቀበያዎች በአብዛኛው ከ24 እስከ 1 ሺህ 700 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ይቀበላሉ።

ሳተላይት ሲዘጋ

ለብዙ ዓመታት በመላው ዓለም ተማሪዎች የሚለማመዱት በአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ነበር። ኖአ-15፣ ኖአ-18 እና ኖአ-19 የደመና ምስሎችን በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሚቀበል ሁሉ በነጻ ይልኩ ነበር። ሦስቱም ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም ባለው ጊዜ ውስጥ አገልግሎታቸው አብቅቷል።

ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ጥቅም ባልሰጠ ነበር። በሶፍትዌር የሚሠራው ሬዲዮ ግን ሌላ ዕድል አለው። የሩሲያ ሜቴዎር-ኤም ሳተላይቶች በዚያው የሞገድ ክልል ዲጂታል ምስል ይልካሉ። ሳትዳምፕ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምስሉን ይፈታዋል። መቀበያው እና አንቴናው ያው ናቸው፤ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው።

አንቴናውንም በቀላሉ መሥራት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 53 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የብረት ዘንጎች በመካከላቸው 120 ዲግሪ ተከፍቶ ለመሬት አግድም ይጋደማሉ፤ የተከፈተው ጎን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዞራል። ሳተላይቱ በአናት ላይ ሲያልፍ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ይሰማል። በከተማ ውስጥ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ኃይለኛ ሞገድ መቀበያውን ሊያውከው ስለሚችል ማጣሪያ መግጠም ወይም ከጣቢያዎቹ ራቅ ማለት ይረዳል።

ለአርሶ አደሩ ምን ይሰጣል?

ከሜቴዎር-ኤም የሚገኘው ምስል አንዱ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን መሬት ይሸፍናል። ስለዚህ የአንድን አርሶ አደር ማሳ ለይቶ አያሳይም። የሚያሳየው ደመናው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ነው። የታጨደ ጤፍ በአውድማ ላይ እያለ ነገ ዝናብ ይጥላል ወይስ አይጥልም ለሚለው ጥያቄ መልሱ አሁንም ከሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ትንበያ የሚገኝ ነው። የተማሪዎች ምስል ትንበያውን አይተካም፤ ትንበያው ከምን ዓይነት መረጃ እንደሚነሣ ግን በዓይን ያሳያል።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥብ 14 ሜትር ገደማ ይሸፍን ስለነበር ለእርሻ እና ለውኃ ክትትል የተሻለ ነበር። ይሁንና መረጃው ይላክ የነበረው እጅግ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለነበር በርካሹ መቀበያ አይገኝም ነበር፤ ትልቅ ሳህን ያለው ጣቢያ ይፈልግ ነበር።

ለምርምር

ቴሌስኮፕ ክረምት ሲገባ በደመና ይጋረዳል። በ1 ሺህ 420 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚመጣው የሃይድሮጂን ሞገድ ግን ደመናን አልፎ ይደርሳል። ይህ ሞገድ የፍኖተ ሐሊብን አወቃቀር ለማጥናት ያገለግላል። ሳህን እና ማጉያ የተጨመረበት ርካሽ መቀበያ ሞገዱን ሊይዘው ስለሚችል፣ በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች የሬዲዮ ሥነ ፈለክን በዚህ መንገድ ይማራሉ።

ጥንቃቄ

መቀበል እና ማሠራጨት የተለያዩ ናቸው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ሞገድ ማሠራጨትም ይችላሉ። ያለ ፈቃድ ማሠራጨት በሕግ ያስጠይቃል፤ የአውሮፕላን እና የአደጋ ጊዜ ግንኙነትንም ሊያውክ ይችላል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትምህርት ቤቶች ሥራውን መቀበል ብቻ በሚችለው መሣሪያ ቢጀምሩ እና መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ባለሥልጣኑን ቢጠይቁ ይመረጣል።