አጀንዳ ያለው ስብሰባ፦ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ፣ ለተገልጋዩ ጊዜ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ በሠራተኞች መካከል የሚካሄድ ቢሆንም ውጤቱ የሚታየው ከስብሰባ አዳራሹ ውጭ ነው። ስብሰባው በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ከተጠናቀቀና ውሳኔ ካስገኘ የተገልጋዩ ጉዳይ ይንቀሳቀሳል። ያለ ዝግጅት ተጠርቶ ከተራዘመ ግን ወረፋ ይዞ የዋለው ባለጉዳይ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ምላሽ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ አጀንዳ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅና ተገልጋዮች በዚህ ረገድ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙትን የቢቸናንና የሞጣን ከተሞች በምሳሌነት በመውሰድ ያብራራል።

አጀንዳ ምንድን ነው?

አጀንዳ በአንድ ስብሰባ ላይ የሚታዩ ጉዳዮችን፣ የሚታዩበትን ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተመደበውን ጊዜና የሚጠበቀውን ውጤት አስቀድሞ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ከስብሰባ ጥሪ የተለየ ነው። ጥሪው መቼና የት እንደሚሰበሰቡ ይገልጻል፤ አጀንዳው ደግሞ ለምን እንደሚሰበሰቡና ሲለያዩ ምን ይዘው እንደሚወጡ ያመለክታል።

አሠራሩ ለኅብረተሰቡ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ የሚገኙ ዕድሮች ሲሰበሰቡ መዋጮ መሰብሰብ፣ የቀሪዎችን ስም መመዝገብ፣ በደንቡ መሠረት መቅጣት፣ ከዚያም አዲስ ጉዳይ ካለ ማንሳት የተለመደ ነው። ቅደም ተከተሉን አባላቱ ስለሚያውቁት ጊዜ አይባክንም፤ የተወሰነውንም የዕድሩ ጸሐፊ በመዝገብ ያሰፍረዋል። በሀገር ደረጃም የሚኒስትሮች ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን ካካሄደ በኋላ የሚሰጠው መግለጫ የታዩትን ጉዳዮችና በእያንዳንዳቸው ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ተራ በተራ ይዘረዝራል። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ከምክክሩ አስቀድሞ ከሕዝቡ አጀንዳ የማሰባሰብ ሥራ አከናውኗል። ይህም ምን እንደሚመከር አስቀድሞ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ለቢቸናና ለሞጣ ተገልጋይ ያለው ትርጉም

ቢቸና የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ናት። ሞጣ ደግሞ በከተማ አስተዳደር የምትመራ ስትሆን ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ሕዝብም የአገልግሎት ማዕከል ናት። ሁለቱም ከተሞች ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በዙሪያቸው የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ጤፍ፣ ስንዴና ሌሎች ሰብሎችን በማምረት የሚተዳደር ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለማውጣት፣ ግብር ለመክፈል፣ የውርስ ወይም የስጦታ ጉዳይ ለማስመዝገብ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚመጣው አርሶ አደር ከራቅ ያሉ ቀበሌዎች በማለዳ ተነስቶ በእግሩ ወይም በትራንስፖርት ይጓዛል።

እንዲህ ላለው ባለጉዳይ «ነገ ይመለሱ» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ለመምጣትና ለመመለስ ያጠፋው ቀን ከእርሻው የጎደለ ቀን ነው። ወቅቱ የዘር ወይም የአጨዳ ከሆነ ጉዳቱ ይበልጥ ይከብዳል። በተጨማሪም የገጠሩ ነዋሪ ብዙ ጊዜ የጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ከገበያ ቀን ጋር አጣምሮ ይመጣል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁሉንም ሠራተኛ ለስብሰባ መጥራት አገልግሎቱ በብዛት በሚፈለግበት ሰዓት በሩን እንደመዝጋት ይቆጠራል።

የስብሰባን ዋጋ በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። አሥር ሠራተኞች ለሁለት ሰዓት ቢሰበሰቡ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው 20 የሥራ ሰዓት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። በዚህ መለኪያ ሲታይ አንድ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ከአንድ ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ግማሽ በላይ ይወስዳል። ስብሰባው ውሳኔ ካላስገኘ ይህ ሁሉ ጊዜ የጠፋው ከተገልጋዩ ነው።

ከአካባቢው ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ በቂ መረጃ ሳይኖረው ሲቀር ምን ሊከተል እንደሚችል ቢቸናና ሞጣ በታሪካቸው ያውቁታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ጠንካራ የገበሬ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሁለቱ አካባቢዎችም ከተቃውሞው ዋና ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ። የገበሬው ሥጋት በግብሩ መጠን ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። ግምቱና ምዝገባው ውሎ አድሮ ርስቱን የሚያሳጣው መስሎ ታይቶታል። መንግሥት የጦር ኃይል እስከማሰማራት ቢደርስም በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

የተቃውሞው መንስኤዎች ብዙ ናቸው። ከአስተዳደር አንጻር ሲታይ ግን አንድ ትምህርት ጎልቶ ይወጣል፦ የአንድ ሥራ ዓላማና ገደብ ሕዝቡ በሚያምነው መንገድ ካልተብራራ ቦታውን ወሬና ሥጋት ይይዘዋል።

በተቃራኒው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ የቀበሌው ነዋሪ ስለ ሥራው በስብሰባ እንዲያውቅ ይደረግ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴውን ራሱ ይመርጥ፣ ወሰኑ ሲለይም አዋሳኞች በቦታው ይገኙ ነበር። የምዝገባው ውጤትም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከመሰጠቱ በፊት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየትና አቤቱታ እንዲቀርብበት የሚያደርግ ሥርዓት ተዘርግቷል። ሰው ምን እንደሚወሰን አስቀድሞ ሲያውቅ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የሚቃወመውም ነገር ካለ በጊዜው ያቀርባል። ይህ መርህ ለቀበሌ ጉባዔ እንደሚሠራ ሁሉ ለጽሕፈት ቤት ሳምንታዊ ስብሰባም ይሠራል።

በሚገባ የተዘጋጀ አጀንዳ የሚይዛቸው ነጥቦች

1. የስብሰባው ዓላማ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካልተቻለ ስብሰባው ለመጠራት ገና አልተዘጋጀም።

2. ጉዳዩ በጥያቄ መልክ፦ «የመዝገብ ቤት ሁኔታ» ከማለት ይልቅ «በመዝገብ ቤት የጠፉ ፋይሎችን ማን፣ እስከ መቼ አፈላልጎ ያቀርባል?» ተብሎ ሲጻፍ ተሰብሳቢው መልስ ይዞ ይመጣል።

3. የሚጠበቀው ውጤት፦ ጉዳዩ ለመረጃ፣ ለውይይት ወይም ለውሳኔ መቅረቡ ከጎኑ ይመለከታል።

4. የተመደበ ጊዜ፦ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ደቂቃ ይመደባል። ውሳኔ የሚሹ ጉዳዮች ተሰብሳቢው ሳይደክም አስቀድመው ይታያሉ።

5. አቅራቢ፦ ጉዳዩን የሚያቀርበው ሠራተኛ ወይም የሥራ ክፍል ይጠቀሳል።

6. ተሳታፊዎች፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ብቻ ይጠራሉ፤ በአገልግሎት መስጫ መስኮቶች የሚቀሩ ተረኞችም አስቀድመው ይመደባሉ።

7. መነሻ ሰነድ፦ የሚነበብ ሪፖርት ወይም ረቂቅ ካለ ከአጀንዳው ጋር ይላካል። ተሰብሳቢው ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባው ላይ ማንበብ አይኖርበትም።

አጀንዳው ከስብሰባው ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀናት በፊት ለተሰብሳቢዎች ቢደርስ ለዝግጅት በቂ ጊዜ ይሰጣል። በተለይ «ልዩ ልዩ» የሚለው የመጨረሻ ነጥብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ነጥብ ለአጫጭር ማስታወቂያዎች የታሰበ ነው፤ ሆኖም ያልተዘጋጀባቸው ከባድ ጉዳዮች የሚነሡበት ከሆነ ስብሰባው ካለቀ በኋላ እንደገና እንደተጀመረ ይቆጠራል። ውሳኔ የሚያስፈልገው አዲስ ጉዳይ በልዩ ልዩ ከተነሣ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ቢያዝ ይመረጣል።

የአጀንዳ ናሙና

የሚከተለው ለማሳያ የቀረበ የአንድ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የአንድ ሰዓት ሳምንታዊ ስብሰባ አጀንዳ ነው።

ዓላማ፦ የዘገዩ የይዞታ ማረጋገጫ ጥያቄዎች የሚያልቁበትን ቀን መወሰን።

1ኛ. ባለፈው ስብሰባ የተወሰኑ ጉዳዮች ተፈጽመዋል ወይ? ለመረጃ፣ 10 ደቂቃ፣ አቅራቢ ጸሐፊው።

2ኛ. ከተቀመጠላቸው የጊዜ ገደብ ያለፉ መዝገቦች የትኞቹ ናቸው? በምን ምክንያት ዘገዩ? ማን መቼ ያጠናቅቃቸዋል? ለውሳኔ፣ 25 ደቂቃ፣ አቅራቢ የምዝገባ ባለሙያው።

3ኛ. በሚቀጥለው ሳምንት ወደ የትኞቹ ቀበሌዎች ለመስክ ልኬታ ይኬዳል? ለውሳኔ፣ 15 ደቂቃ፣ አቅራቢ የልኬታ ባለሙያው።

4ኛ. ልዩ ልዩ፣ 5 ደቂቃ።

5ኛ. የተወሰኑትን አንብቦ ማረጋገጥ፣ 5 ደቂቃ፣ አቅራቢ ሰብሳቢው።

በስብሰባው ወቅትና ከስብሰባው በኋላ

አጀንዳው የሚጠቅመው ሰብሳቢው ሲያስከብረው ነው። ሰብሳቢው የዘገዩትን ሳይጠብቅ በተባለው ሰዓት ይጀምራል፤ ምልዓተ ጉባዔ የሚጠይቅ ስብሰባ ከሆነም መሟላቱን ያረጋግጣል። ከጉዳዩ የወጣ ንግግር ሲመጣ ተናጋሪውን በአክብሮት ወደ ነጥቡ ይመልሳል። ዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉና ተገልጋዩን በየቀኑ የሚያገኙ ሠራተኞች ከኃላፊዎች ቀድመው እንዲናገሩ ዕድል ቢሰጥ የችግሩ ትክክለኛ መልክ ይታወቃል።

በስብሰባው መጨረሻ ቃለ ጉባዔ ይያዛል። ጥሩ ቃለ ጉባዔ የተነገረውን ሁሉ አይጽፍም፤ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሚጠናቀቅ ያሰፍራል። «ትኩረት ይሰጠው» ወይም «በቀጣይ እናየዋለን» የሚል ማጠቃለያ ፈጻሚና ቀን ስለሌለው ተገልጋዩን አይጠቅምም። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ ነጥብ የዚህ ቃለ ጉባዔ አፈጻጸም መሆን አለበት።

ሁሉም ጉዳይ ስብሰባ አያስፈልገውም። ለማሳወቅ ብቻ የሚቀርብ ጉዳይ በውስጥ ማስታወሻ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ሊተላለፍ ይችላል። ለአጀንዳ የሚበቃ ውሳኔ ከሌለ መደበኛውን ስብሰባ መሰረዝም ጥሩ አሠራር ነው።

ተገልጋዮች ማድረግ የሚችሉት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በዚህ መሠረት ተገልጋዮች የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ።

በመሥሪያ ቤቱ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ማንበብ ተገቢ ነው። ቻርተሩ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚጠይቀውን ቅድመ ሁኔታና የሚወስደውን ጊዜ ያሳያል። ባለጉዳዩ መዝገቡ ከዚህ ጊዜ ማለፉን ሲያውቅ ጥያቄውን በልኩ ማቅረብ ይችላል።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባል ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚያበቃና ኃላፊውን የተወከለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። አጀንዳ ያለው መሥሪያ ቤት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አለው።

ጉዳዩ በስብሰባ ወይም በኮሚቴ የሚወሰን ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሚታይና የጎደለ ሰነድ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማጣራት አላስፈላጊ ምልልስን ያስቀራል። ቀበሌ ጉባዔ ሲጠራም ነዋሪው አጀንዳው አስቀድሞ እንዲነገረው ሊጠይቅና የራሱን አጀንዳ ለሰብሳቢው ሊያስመዘግብ ይገባል።

በመንግሥት አካል የተያዘ መረጃ የሚፈልግ ሰው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ማመልከት ይችላል። አዋጁ ጥያቄው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲያገኝ ያዛል፤ በሕግ የተጠበቁ መረጃዎች ግን አይሰጡም። የአገልግሎት መጓተት ወይም በደል የደረሰበት ተገልጋይ በቅድሚያ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል ያቀርባል፤ መፍትሔ ካላገኘም አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

ለአንድ ሰዓት ስብሰባ አጀንዳ ለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ባለጉዳይ ጉዳዩን በአንድ ጉዞ ጨርሶ ወደ እርሻው እንዲመለስ ግን ትልቅ ድርሻ አለው።