በደብረ ታቦር የነገሡ፣ በዙር አምባ የለመኑ
ስለ እግዚአብሔር ሞገስ ከጉና ሥር የተገኘ የታሪክ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሞገስ የሚለው ቃል ለአፋችን የተለመደ ነው። ሙሽሮችን፣ አዲስ ተሿሚውን፣ ተመራቂውን «ሞገስ ይስጣችሁ» ብለን እንመርቃለን። ብዙ ጊዜ በልባችን ያለው ትርጉም ግን መከናወን፣ መከበር፣ በሰው ፊት መወደድ ብቻ ነው። በዚህ ትርጉም ስንጸልይ ኖረን ነገር አልቀና ሲለን «እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ» ወደ ማለት እንደርሳለን። በግቢ ጉባኤ ያለን ወጣቶች ይህን ፈተና በሚገባ እናውቀዋለን፤ ውጤት የቀናው የተወደደ፣ ያልቀናው የተረሳ ይመስለናል።

ቅዱስ መጽሐፍ የሚያሳየን ሌላ ነው። ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን ካገኘ በኋላ (ዘፍ. 6፥8) የተሰጠው ዕረፍት ሳይሆን የመርከብ ሥራ ነው። እመቤታችንም በመልአኩ አንደበት ሞገስ ማግኘቷ ከተነገራት በኋላ (ሉቃ. 1፥30) በአረጋዊው ስምዖን አፍ በነፍሷ ስለሚያልፈው ሰይፍ ሰማች (ሉቃ. 2፥35)። ሞገስ እግዚአብሔር በፍቅር ተመልክቶ ሰውን ለራሱ ሲለየው ነው እንጂ የድል ዋስትና አይደለም። ይህን ነገር ከሀገራችን ታሪክ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚልከው የጉና ተራራ ብዙ አይቷል።

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መናገሻቸው ያደረጓት ራስ ጉግሣ ናቸው። በልጅ ልጃቸው በዳግማዊ ራስ ዓሊ ዘመን፣ በጥር 1834 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሰሜኑና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከተማዋን ለመያዝ ዘመቱ። ከጥቂት ወራት በፊት ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማም ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። ሠራዊቱ ብዙ፣ ጠመንጃው ብዙ፣ በላዩም የጳጳሱ ቡራኬ፤ ሞገስ ከማን ጋር እንደ ሆነ ማን ይጠራጠር ነበር? ውቤም በእርግጥ አሸነፉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን አሸናፊዎቹ በድል ግብዣ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደረሱባቸውና ውቤን ማረኳቸው። አሸናፊው እስረኛ፣ የሸሸው ባለ ሥልጣን ሆኖ አደረ። ስለ ዘመነ መሳፍንት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ውጊያ እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ያልፉታል፤ እኔ ግን በዘመኑ ከተደረጉት ሁሉ እጅግ አስተማሪው ይመስለኛል።

ውቤ ከእስር ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። በሰሜን ያለችውን ደረስጌ ማርያምንም ለንግሥናቸው አሳምረው አሠሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በራሳቸው ምድር በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ከቀናት በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ካሣ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ሞገስ የነበራቸው አሳብ በደብዳቤዎቻቸው ይታያል። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ፣ የቀደሙት ነገሥታት ፈጣሪን በመርሳታቸው መንግሥታቸውን እንዳጡ፣ እርሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ ለመንግሥት እንዳበቃቸው ይገልጻሉ። ይህ የትሕትና ቃል ነው፤ ዳዊትም ከበጎች በረት መወሰዱን አልረሳም። አደጋው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰው «እግዚአብሔር መርጦኛል» ካለ በኋላ የሚቃወመውን ሁሉ የእግዚአብሔር ተቃዋሚ አድርጎ ማየት ይቀለዋል። ንጉሡ በካህናቱ ቍጥርና በቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ ከሊቃውንቱ ጋር ተጣሉ፤ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘረፉ፣ ከተማዋንም አቃጠሉ፤ የቀቧቸው አቡነ ሰላማም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላ ላይ እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ፍርዱን ለእግዚአብሔር እንተወው፤ ለሀገር አንድነት የደከሙትን ንጉሥ ማቃለል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞች ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አቀለጡ። አቡኑ ባረፉበት ወቅት ግድም ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። መንገዱን ሲጠርጉ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ ሕይወታቸው አለፈ። መድፉ ዛሬም ተራራው ላይ አለ።

መድፉ ባለፈበት በጋይንት ምድር ሌላ ታሪክ ነበረ፤ አሁንም አለ። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ወደዚያ ይወጣል። ውሻ ያባርረዋል፣ የጉና ብርድ ይቆረጥመዋል። ቀን የለመነውን በልቶ ሌሊት በቃሉ ያጠናል፤ ቀለም ካልገባው ይደግመዋል፤ በዓመታት መጨረሻ መምህሩ «ይበቃሃል» እስኪለው ድረስ ይቆያል። ከቤቱ ሲወጣ ወላጆቹ «ሞገስ ይስጥህ» ብለው መርቀውት ይሆናል። በዓለም ሚዛን ለማኝ ነው፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ በየመቅደሱ ከሚያመሰግኑበት ዜማ ብዙው በእንዲህ ያሉ ለማኞች ደረት አልፎ የመጣ ነው። ንጉሡ በዚህ መንገድ ሲያልፉ የመድፉን ጩኸት የሰማ የድጓ ተማሪ ሳይኖር አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ይህን ስል ድኽነት በራሱ ሞገስ ነው ማለቴ አይደለም። ለምኖ ያልተማረ፣ ተምሮም የታበየ አለ፤ ነግሦ የጸደቀም አለ። ሞገስን መሻት ማለት ምን እንደ ሆነ ግን ከተማሪው ጉዞ ይታየናል፤ እጅን ባዶ አድርጎ መዘርጋት፣ የሚሰጠውን መቀበል፣ የተቀበሉትን ለሌላ ማስተላለፍ። ጾምና ጸሎታችን፣ ንስሐችንና ቅዱስ ቍርባንን መቀበላችን ከዚህ የተለየ መንፈስ ካለው፣ ከሰማይ አባታችን ጋር ወደ መዋዋል እንዳንወርድ ያሰጋል።

ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው በዓል ስሙን ለዚህች ከተማ ሰጥቷል። ጌታችን በታቦር ተራራ ክብሩን ሲገልጥ ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ መኖርን ወደደ (ማቴ. 17፥4)። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከተራራው ግርጌ የጠበቃቸው ስለ ታመመ ልጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚለምን አባት ነው።

የመሳፍንቱ አዳራሽ ፈርሷል፤ የጋፋት ምድጃም ቀዝቅዟል። ዛሬ በሊቃውንቱ ጉባኤ «ደብረ ታቦር» ሲባል የሚታሰበው ግን ታች ቤት የተባለው የአቋቋም ስልት ነው፤ ደቀ መዛሙርቱም መቋሚያና ጸናጽል ይዘው እስከ ዛሬ ይማሩታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።