ፈሪ ለናቱ

«ፈሪ ለናቱ» ሲባል ያልሰማ ልጅ የለም። ተረቱን የሚወረውረው ሰው ሊያዋርድ ነው፤ ቃሉ ግን ሲመረመር ግራ ያጋባል። ፈሪው አልወደቀም፣ አልተሰበረም፣ ለእናቱ ተረፈላት። የሚለው ይኸንኑ ነው እኮ! ታዲያ ስድብነቱ ለማን ነው? እናቲቱን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ያደግሁት መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዞረው ወዲህ መርካቶ የሸቀጡ መናኸሪያ ሆነች፤ አውቶቡስ ተራ ደግሞ የሰዉ። ብዙዎቹ መስመሮች በኋላ ወደ ሌሎች መናኸሪያዎች ሳይከፋፈሉ፣ ክፍለ ሀገር የሚባለው ነገር ሁሉ የሚገባው በዚያች በር ነበር። ቅቤው፣ ዶሮው፣ ሙሽራው፣ በሽተኛው። (ለመሳፈር የነበረው ግፊያ ራሱን የቻለ ስፖርት ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን።) እናም የገናን ጨዋታ መጀመሪያ ያየሁት ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በዓሉ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ ጎረምሳ ቅልጥሙ በሸምበቆ ተጠፍሮ በሁለት ተሸካሚዎች ተደግፎ ወረደ። እናቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይከተላሉ።

«ምን አግኝቶት ነው፣ እናቴ?» አላቸው አንዱ ተሸካሚ።

«ገና።»

«የመታው ታሰረ?»

ሴትዮዋ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው ቀና ብለው አዩት። «በገና ማን ይታሰራል፣ ልጄ!» አሉና ወደ ጥቁር አንበሳ የሚያደርሳቸው ታክሲ መፈለግ ጀመሩ።

መልሳቸው ረጅም ታሪክ ያለው ነው። ገና በልደት በዓል ሰሞን፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ሩር ወይም ጥንግ የምትባለውን፣ ከእንጨት የምትጠረብ ወይም ከጠፍር የምትሠራ ድቡልቡል እየመቱ ወደ ባላጋራ ዳር ማድረስ ነው ሥራው። ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ሰፈርና ሰፈር ይገጥማሉ። በገጠሩ ወግ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳውም መንደሩ ያለው ሜዳ ነው። የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። አፈ ታሪኩ ስለ ቅልጥም የሚለው ነገር የለም። ዱላው ሩሯን ሲስት የት እንደሚያርፍ ግን የታወቀ ነው።

በዚያ ቀን ደግሞ ጌታ በሎሌው አይቆጣም። ይህን ወግ ብዙ ጸሐፊዎች የእኩልነት ምልክት አድርገው ያወድሱታል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ደም መመለስ የወንድ ልጅ ግዴታ በሆነበት አገር፣ ቅልጥሙ የተሰበረው ሰው ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው። ዛሬ ሜዳ ላይ ያረፈው ዱላ ነገ ጥይት ሆኖ እንዳይመለስ፣ ቁጣ አስቀድሞ ከጨዋታው ተነቀለ። ትልቅ ብልኃት ነው። ያዳነው ግን ጉርብትናን እንጂ አጥንትን አይደለም።

ነገሩ ከወግ አልፎ ሕግም አለው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2068 ላይ ስለ ስፖርት ይናገራል። ተጫዋች በጨዋታ መካከል ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች ቢጎዳ፣ ተንኰል ወይም ከባድ የደንብ ጥሰት ከሌለበት ኃላፊ አይሆንም። ሴትዮዋ ቁጥሩን ሳያውቁ ሕጉን ተናግረዋል ማለት ነው። መቺው ነፃ ነው። ተመቺውን ማን ያሳክመው? ቁጥር 2068 እዚያ ድረስ አይሄድም።

እዚህ ላይ ነው «ፈሪ ለናቱ» የሚገባው። ጨዋታው ሲያልቅ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ሲያብጠለጥል ያመሻል፤ ቁጣ ክልክል ነውና ተሰዳቢው ስቆ ይቀበላል። ዱላ ሲያይ ዳር ዳር ያለው ሰው ከዚህ ምላስ አያመልጥም። ከመቺው ትከሻ ላይ የወረደው ሸክም እንግዲህ አልጠፋም፤ በሚሸሸው ላይ ተጫነ። መምታት ዋጋ አያስከፍልም፤ መራቅ ያስከፍላል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ ደፋር ቢሆን ምን ይደንቃል? ድፍረቱ ግማሹ የልብ ነው፤ ግማሹ የሂሳብ።

የዚህ ሁሉ ሐኪም ወጌሻ ነው። ቃሉ ከመንደር ተነሥቶ ስታዲየም ገብቷል፤ ከኳስ ቡድን ጋር ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም ወጌሻ ነው የምንለው። ለውልቃትና ለወለምታ የደህና ወጌሻ እጅ ይመሰገናል። ስብራት ላይ ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ የደም ዝውውር ይታገድና ጋንግሪን ይመጣል፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን በዚህ ሰበብ የስንቱን እግር ለመቁረጥ እንደተገደዱ በጥናታቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ደግሞ አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ተመልካች ለወጌሻ የሚያጨበጭብለት የወደቀውን ልጅ አንሥቶ ወደ ሜዳ ሲመልስለት ነው። እጁን አውለብልቦ «ይውጣ» ያለ ቀን ጭብጨባው ይቀንሳል።

እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ የምናስብ። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ፉትቦል ቢያንስ 18 ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ። የሚገርመው፣ ሩዝቬልት ራሳቸው ጨዋታው ለስላሳ እንዳይሆን የሚሰጉ ሰው ነበሩ፤ ወንድነትን ከግጭት ነበር የሚጠብቁት። በ1906 ደንቡ ሲለወጥ ታዲያ ለማንም ስለ ጀግንነት ስብከት አልተሰበከም። ኳሱን ወደ ፊት በእጅ መወርወር ተፈቀደ፤ ጨዋታው ተበተነ፤ እየተደራረቡ መጨፍለቁ ቀለል አለ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን የእግር ኳስ ደንብ አውጪው አካል እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ መናወጥ የተጠረጠረበት ተጫዋች ሲወጣ፣ ይህን ደንብ በተቀበለ ውድድር፣ ቅያሪው ከመደበኛው ቁጥር አይቀነስም። ተጋጣሚውም አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል፤ ስለዚህ «አስመስሎ ነው» ብሎ የሚጮህ ምክንያት ያጣል። ገና ቁጣን ከመቺው ላይ እንዳነሣ ሁሉ፣ ይህ ደግሞ እፍረትን ከሚወጣው ላይ ለማንሣት የተሞከረ ነው።

በባህል ስፖርት ውድድሮች ገና ዛሬ በተቆጠረ ተጫዋችና በዳኛ ይካሄዳል። ጥሩ ነው። በድሮው ሜዳ ግን ቁጥር ባለመኖሩ አንድ ምቾት ነበር፤ አናቱ የዞረበት ሰው ሾልኮ ዋርካ ሥር ቢቀመጥ ቡድኑ አይጎድልም፣ ማታ በግጥም ካልተነሣበት በቀር። ሰው ተቆጥሮ ሲገባ ግን የወጣው ሰው ጉድለት ወዲያው ይታያል። ልጁ ዓይኑ እየተንከራተተ «ደህና ነኝ» ሲል፣ ዱላውን ከእጁ ተቀብሎ ዳር የሚያስቀምጠው ማነው? ዳኛው? አሠልጣኙ? ወይስ እናቱ ከገጠር እስኪመጡ ይጠበቅ?