ከማደሪያ መሬት እስከ ቁርጥ ዋጋ

አንድ መሐንዲስ የመንግሥት ሥራውን ለቅቆ በግሉ ውል እየተዋዋለ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ እንቅልፍ የሚነሣው ነገር የደመወዙ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ በመሬት ሥሪትና በማዕረግ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሥጋት አብሮት ያድራልና።

ለዚህም ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው ወደ ንጉሥ ወይም ወደ መኳንንት ቤት ገብቶ ሲያገለግል «አደረ» ይባል ነበር፤ የአገልግሎቱም ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በመሬት ስለ ነበረ፣ የተሰጠው መሬት «ማደሪያ» ተባለ። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ፣ ማደሪያ ግን ከአገልግሎቱ ጋር የተቆራኘ ነበርና፣ ሎሌው ከጌታው ቤት በወጣ ዕለት መሬቱም ከእጁ ይወጣ ነበር። «ተቋራጭ» የሚለው ቃል ግን ከሌላ ሥር ይመዘዛል፤ ዋጋውን አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ ተስማምቶ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው የማንም አዳሪ አይደለም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱን ሥራ በየክፍሉ ካደላደሉ በኋላ፣ ወርኃዊ ደመወዝ ቀስ በቀስ በማደሪያ እግር ተተካ፤ ልማዱ ግን ከሰው ልብ ቶሎ አልወጣም። ባለ እጅ፣ አንጥረኛም ሆነ ሸማኔ ወይም ፋቂ፣ በስድብ ስም እየተጠራ በኖረበት አገር፣ በጥበበ እድ ዋጋ ቆርጦ ማደር ከማዕረግ እንደ መውረድ ይቈጠር ነበርና፣ ብዙ የተማረ ሰው በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ እንዲቀር ያደረገው ከድህነት ፍርሃት ይልቅ ይህ ንቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሕንፃና የመንገድ ሥራ ሙያ በአመዛኙ የመጣው በባዕድ እጅ ነው። ግንባታ ካለበት ስፍራ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፣ የሠራተኞቹ አለቃ «ካፖ»፣ የብረቱ ዘንግ «ፌሮ»፣ ብረት ገብቶበት የሚሞላው ኮንክሪት «አርማታ» ሲባል ይሰማል፤ እነዚህ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ የጣሊያን ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ቃሉና ሙያው በግንበኛው አፍና እጅ ቀርተዋል። ከዚያም በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአሜሪካ መሐንዲሶች መሪነት የተጀመረው ይህ መሥሪያ ቤት፣ ድንኳን ተክሎ በቴዎዶላይት ሲቀይስ ለሚውለው፣ ዶዘር ለሚነዳው፣ የመጋዘን ሒሳብ ለሚይዘው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትምህርት ቤት ሆነለት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ መንግሥት ከግል ሰው ጋር ስለሚያደርገው ውል በዝርዝር ደነገገ፤ መውጫውም በር በሕግ ተከፈተ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። አረጋዊውንና ባልቴቲቱን የሚታደግ መልካም ሕግ ነው፤ ሆኖም ጡረታ የአዲሱ ዘመን ማደሪያ ሆነ፤ ባለ ደመወዙም በሩን ከፍቶ ለመውጣት ሲያስብ ወደ ኋላው የሚመለከተው እርሱን ሆነ።

የሚወጣውን ሰው የሚጠብቀው ፈተና በጨረታው ቀን አይጀምርም። የታሸገው ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ባንኩ ለጨረታ ማስከበሪያው ዋስትና መያዣ ይጠይቃልና፣ ባል ከሣጥን የቤቱን ካርታ ያወጣል፤ ሚስትም ልጆቿ የተኙበትን ቤት በመያዣ ልትሰጥ ብዕር ታነሣለች። ሥራው ከተገኘም በኋላ የቀን ሠራተኛው ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን ይጠብቃል፤ የመንግሥት ክፍያ ግን ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ለክቶ ካልፈረመበት አይወጣም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሳምንት በብድርና በጸሎት የተሻገረ ሰው ምን ያህል ጽኑዕ እንደ ሆነ፣ በወር መጨረሻ መዝገብ ላይ ፈርሞ ደመወዙን የሚቀበል ሰው በቀላሉ የሚረዳው አይመስለኝም። በመሥሪያ ቤቱ የቀረውንም አልነቅፍም፤ መንገዱን የቀየሰና የጠገነ እርሱ ነውና።

በኋላም በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል በልክ ሲወስን፣ ታላላቁ የግንባታ ሥራ ወደ መንግሥት ድርጅቶች ዞረ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተቋራጭነት ፈቃድ በየደረጃው እየተሰጠ ብዙ የመንግሥት መሐንዲስ ወጣ።

የዚህ ሙያ ታሪክ በሰፊው አልተጻፈም፤ ማስረጃው ግን በየቤቱ አለ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአባትህ ሣጥን ውስጥ የድሮ ውል፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ወይም ከመንግሥት ሥራ የተሰናበተበትን ደብዳቤ ያገኘህ እንደ ሆነ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ አታድርገው፤ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ወስደህ አስረክበው።