ከሞተች በኋላ ጠንቋይ የተባለች እመቤት

በተረት ዓለም ጠንቋይን ማወቅ ቀላል ነው። ሁለት እህትማማቾች በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንደኛይቱ በክፉ አስማት ሰውን ታጠፋለች፥ ሁለተኛይቱ በደግ አስማት ትከላከላለች፤ በመጨረሻም ደጊቱ ታሸንፋለች። የስኮትላንድ ተራራና ጉም፥ በገደል አፋፍ ላይ የቆሙትም ግንቦቿ ለእንዲህ ያለው ተረት የተመቹ ስለ ሆኑ፥ ደራሲዎች የዚያን አገር እመቤቶች ጠንቋይ እያደረጉ ደጋግመው ጽፈዋል። ተረቱን ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ተረት ሳናውቀው የሚያስለምደን አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ጠንቋይ የተባለ ሰው ሁሉ በእርግጥ ጠንቋይ ነው፥ የሚቀረው ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ መለየት ብቻ ነው የሚል ነው። ታሪክ ግን ከዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር እንዳለ ያስተምረናል፤ ስሙን ማን አወጣው? ስለ ምንስ አወጣው?

ይህንን ለማስረዳት የሁለት የስኮትላንድ እመቤቶችን ታሪክ ላንተ ለወጣቱ አንባቢ አቀርባለሁ። ሁለቱ እህትማማቾች አይደሉም፤ በመካከላቸው 50 ዓመት ያህል አለ። ነገር ግን ታሪካቸው ጎን ለጎን ሲቆም አንዱ ሌላውን ያበራዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያይቱ ጃኔት ዳግላስ ትባላለች። የግላምስ ጌታ የሆነውን ጆን ላየንን ስላገባች እመቤት ግላምስ እየተባለች ትጠራ ነበር። ወንድሟ አርችባልድ የአንገስ መስፍን ነበረ። የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ 4ኛው በ1513 በፍሎደን ጦር ሜዳ ሲሞት፥ ዙፋኑ ገና ሁለት ዓመት ላልሞላው ለልጁ ለጄምስ 5ኛው ተላለፈ። በሚከተለው ዓመት የሟቹ ንጉሥ ሚስት ማርጋሬት ይህንን የአንገስን መስፍን አገባች፤ ስለዚህ መስፍኑ ለሕፃኑ ንጉሥ የእንጀራ አባት ሆነ። ልጁም ከፍ ባለ ጊዜ መስፍኑ በእጁ ይዞ እንደ እስረኛ እያስጠበቀ፥ በስሙ አገሩን ይገዛ ጀመር። ጄምስ በ1528 በ16 ዓመቱ አምልጦ ሥልጣኑን በያዘ ጊዜ፥ በልቡ ለዳግላስ ወገን የነበረው ቂም ሊበርድ የማይችል ነበር። መስፍኑ ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ አመለጠ። እህቱ ግን ከአገሯ አልወጣችም። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ወንድሙን ያላገኘው ቁጣ በእህቲቱ ላይ ወረደ።

በመጀመሪያ የሸሹትን ወንድሞቿን ረድታለች ተብላ ተከሰሰች። ቀጥሎ በ1532 ባሏን በመርዝ ገድላለች የሚል ክስ ቀረበባት፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ነገር ግን በፈራጅነት እንዲቀመጡ የተጠሩት የአገሩ ጌቶች ቅጣት እየተጣለባቸው እንኳ ሳይቀርቡ ስለ ቀሩ ክሱ ፈረሰ። በዚህ ነገር ላይ ቆም ብለህ አስብ። እነዚህ ሰዎች ንጉሡን ፊት ለፊት ለመቃወም አልደፈሩም ይሆናል፤ ሆኖም ባላመኑበት ፍርድ ላይ ተቀምጠው ስማቸውን ከሚያኖሩ ይልቅ በገንዘባቸው መቀጣትን መረጡ። እንደ እኔ አሳብ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስመሰግኑት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጃኔት አርችባልድ ካምቤል የተባለውን ባላባት አገባች። በ1537 ግን ንጉሡን በመርዝ ለመግደል አስባለች፥ ከተሰደዱት ወንድሞቿም ጋር ተላልካለች ተብላ ከባሏና አካለ መጠን ካላደረሰው ልጇ ጋር ተያዘች። ምስክርነቱ የተገኘው ቤተ ሰቦቿንና አገልጋዮቿን በማሠቃየት ነበር። በሐምሌ ወር በ17ኛው ቀን ተፈረደባት፤ በዚያውም ቀን በኤዲንብራ ግንብ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ከነሕይወቷ በእሳት ተቃጠለች። ባሏ ከታሰረበት ግንብ በገመድ ለማምለጥ ሲሞክር ከገደሉ ወድቆ ሞተ። በድንበር ላይ የበርዊክ ምሽግ አዛዥ የነበረው እንግሊዛዊው ቶማስ ክሊፎርድ ለንጉሡ ለሄንሪ 8ኛው በላከው ደብዳቤ፥ ሴቲቱ በቂ ማስረጃ ሳይገኝባት እንደ ተገደለች መስሎ እንደ ታየው ጻፈ። ንጉሥ ጄምስም የግላምስን ቤትና ርስት ወረሰ።

እንግዲህ ልብ በል፤ በጃኔት ላይ በቀረበው ክስ ውስጥ ስለ ጥንቆላ የሚናገር ነገር የለም። ክሱ መርዝና ክዳት ነው። ጠንቋይን በሞት የሚቀጣው የስኮትላንድ ሕግ ራሱ የወጣው በ1563፥ እርሷ ከሞተች ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ይህም ሆኖ ዘመን ባለፈ ቍጥር ሰው ሁሉ «ጠንቋይዋ እመቤት ግላምስ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ መጽሐፍ ጸሐፊዎችም ይህንኑ እየተቀባበሉ ጻፉት። ምክንያቱ ምን ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ፥ በኋላ ዘመን የመጣው ሰው በእሳት ስለ ተቃጠሉ ሴቶች ሲሰማ የሚያውቀው ጠንቋይ የተባሉትን ብቻ ስለ ነበር፥ ከቅጣቱ ተነሥቶ ወንጀሉን ፈጠረላት። በሕይወት ሳለች ያልተከሰሰችበትን ነገር ሞታ ሳለች ተፈረደባት። ንጉሡ ሥጋዋን አቃጠለ፤ ወሬ ደግሞ ስሟን አቃጠለ።

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ እመቤት እንለፍ። ካትሪን ሮስ ትባላለች፤ በሰሜን ስኮትላንድ የፎውሊስ ጌታ የነበረው የሮበርት መንሮ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። በእርሷ ላይ የቀረበው ክስ በእውነት የአስማት ክስ ነው። ወንድሟ ጆርጅ ሮስ የእንጀራ ልጇን ሚስት እንዲያገባ ፈለገች ተባለ፤ ለዚህም ሁለት ሰዎች መሞት ነበረባቸው፤ አንደኛው የእንጀራ ልጇ ሮበርት፥ ሁለተኛይቱ የወንድሟ ሚስት ማርጆሪ ካምቤል። የክሱ መዝገብ እንደሚለው የሁለቱ ሰዎች ምስል ከሸክላ ጭቃ ተሠራ፤ ምስሎቹም በድንጋይ ቀስት ተወጉ። ሕዝቡ ይህን ዓይነት የድንጋይ ቀስት የመናፍስት መሣሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዛሬ ግን በጥንት ዘመን ይኖሩ የነበሩ አዳኞች የሠሩት የባልጩት ጫፍ መሆኑ ታውቋል። አስማቱ አልሠራ ሲል መርዝ ተዘጋጀ ይላል መዝገቡ።

ረዷት ከተባሉት ድሆች ጥቂቶቹ በ1577 ተፈርዶባቸው ተቃጠሉ። እመቤቲቱ ግን ለፍርድ የቀረበችው 13 ዓመት ቆይታ በ1590 ነው። በፈራጅነት የተቀመጡት የሚበዙት ከዚያው ከሰሜን የመጡ፥ በፎውሊስ ቤት ጥላ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ንጹሕ ናት ብለው አሰናበቷት። ከዚህም የሚያስገርመው ከከሳሾቿ አንዱ የነበረው ሌላው የእንጀራ ልጇ ሄክተር መንሮ በዚያው ቀን እርሱም በጥንቆላ ተከሶ መቅረቡ ነው፤ ታሞ ሳለ በእርሱ ፈንታ የእንጀራ እናቱ ልጅ፥ ወንድሙ ጆርጅ እንዲሞት አስማት አሠርቷል ተባለ። እርሱም እንደ እርሷ ንጹሕ ነህ ተብሎ ተለቀቀ።

እመቤት ካትሪን በእርግጥ በደለኛ ነበረች ለማለት አልደፍርም፤ በዚያ ዘመን በጥንቆላ የቀረበን ክስ ቃል በቃል ማመን አይገባም። ነገር ግን ሁለቱን ፍርዶች አስተያይ። በአንድ ክስ ውስጥ አዛዥ የተባለችው ነፃ ወጣች፥ ታዛዥ የተባሉት ተቃጠሉ። ፈራጆቿ በእጇ ሥር ያሉ ሰዎች የሆኑላት እመቤት ዳነች፤ ከሳሿ ንጉሥ የሆነባት እመቤት ጠፋች። እንግዲህ እሳቱን ያነደደው የአስማት መኖር ወይም አለመኖር አይደለም፤ የኃይል ሚዛን ነው።

ይህ ነገር በሁለቱ ብቻ ያበቃ እንዳይመስልህ። የጄምስ 5ኛው የልጅ ልጅ ጄምስ 6ኛው ከዴንማርክ ሙሽራውን አምጥቶ በ1590 ሲመለስ፥ በባሕር ላይ የገጠመውን ማዕበል ጠንቋዮች ያስነሡብኝ ነው ብሎ አመነ። አግነስ ሳምሰን የተባለች አዋላጅና መድኃኒት ዐዋቂ ሴት በሥቃይ ተመርምራ በ1591 ተገደለች። በዚያው ዓመት ፈራጆች ባርባራ ኔፒየርን ከክሱ ከፍ ያለውን ነገር አልሠራችም ብለው በለቀቁ ጊዜ፥ ንጉሡ ፈራጆቹን ራሳቸውን ከሰሳቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ የታወቀ ዳኛ ልጅ የነበረችው ዩፌም መካልየን ቀረበች፤ ተፈረደባትም፥ ከነሕይወቷ ተቃጠለች፤ ከርስቷም ከፊሉ ለንጉሡ ወዳጅ ተሰጠ። ፈራጅ እንዳይፈርድ ከተፈራ፥ ፍርድ ቤት ከአደባባይ ሁከት በምን ይሻላል?

በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መዝገቦችን መርምረው በ2003 በፈጸሙት ሥራ፥ ከ1563 ጀምሮ ሕጉ እስከ ተሻረበት እስከ 1736 ድረስ 3,837 ሰዎች በጥንቆላ መከሰሳቸውን አግኝተዋል፤ ከመቶው 84 ያህሉ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ግንብም ርስትም ያልነበራቸው የገጠር ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ እንቅልፍ ተከልክለው ሌሊትና ቀን በመጠበቅ ልባቸው ከደከመ በኋላ የተጠየቁትን ሁሉ «አዎን» አሉ፤ ጎረቤታቸውንም ስም ጥሩ ሲባሉ ጠሩ። በዚህ ዓይነት አንዱ ክስ ሌላውን ክስ ወለደ። በ2022 የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጅን በመንግሥቱ ስም ለእነዚህ ሰዎች በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀች።

ለጃኔት ዳግላስ ቤተ ሰብ ግን ነገሩ ቀደም ብሎ ተስተካክሏል። ጄምስ 5ኛው በ1542 ሲሞት ልጇ ከእስር ወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት ርስቱ ተመለሰለት። የእርሱ ዘር እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ በ1965 አገራችንን ኢትዮጵያን የጎበኘችው የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በእናቷ በኩል ከዚሁ ቤት የምትወለድ ነበረች። ርስት በአንድ የፍርድ ቃል ይመለሳል። ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ እነሆ፥ ስለ ግላምስ ግንብ የሚተርክ ሰው ዛሬም «ጠንቋይዋ» ሲል ይሰማል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የጻፍሁልህ የሩቅ አገር ሰዎችን እንድትነቅፍ ብዬ አይደለም። በየትኛውም አገርና በየትኛውም ዘመን፥ ማስረጃ የማይጠየቅበት ስም ለጠላት ማጥቂያ የተመቸ መሣሪያ ነው። መርዝ ቢባል መርዙ የት አለ ይባላል፤ ሌብነት ቢባል የተሰረቀው ዕቃ ይፈለጋል፤ ጠንቋይ ናት ሲባል ግን የማይታይ ነገር ስለ ሆነ ከሳሽ ምንም ሳያሳይ ይታመናል። ስለዚህ ስለ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ስም ስትሰማ፥ ቃሉን መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ፥ ምስክሩ በፈቃዱ ወይስ በሥቃይ እንደ መሰከረ፥ ሰውዬውም በመጥፋቱ ማን እንደሚጠቀም ጠይቅ። ይህን ሳትጠይቅ ወሬውን ለሌላ ካቀበልህ፥ እንጨት ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ሆነሃል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ንጋት ሰው ሁሉ ቢተኛም በራሱ ጊዜ ይመጣል። የጃኔት እውነት ግን የጠራው አንድ ጸሐፊ የክሱን ቃል በመዝገብ ስለ ጻፈው፥ ከብዙ ዘመን በኋላም ሌላ ሰው ያንን መዝገብ ገልጦ ስላነበበው ነው። አንተም ማንበብን ተምረሃልና፥ ስለ ሰው ከመፍረድህ በፊት መዝገቡን ግለጥ።